ባለ ሁለት አፉ

ትንሿ ነጭ ፊያት ከጀውሃው መንገድ ወጥታ አፍንጫዋን ማሽላ ውስጥ ቀብራለች። ማለዳ ያያት አንድ ባለ ግመል ነው። ባለ ግመሉ ለመንገደኛ ነገረ፣ መንገደኛው ለሸዋ ሮቢት ገበያ ነገረ፣ ገበያው ደግሞ ለፖሊስ ከመንገሩ በፊት ራሱ መጥቶ አየ። መርማሪው መቶ አለቃ እሸቴ ሲደርስ የከተማው እኩሌታ እዚያ ቆሞ ነበር፤ ዱካ የሚባል ነገር ከነበረም በሰውና በፍየል ተረግጦ አልቋል። ወሩ ጥቅምት፣ ዘመኑ 1963 ነው። ማሽላው ሰው ይውጣል፣ ፀሐዩ ከጠዋቱ ይፋጃል።

ስለ መቶ አለቃው አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እሱ ለማንም አይናገረውም። መኪናዋን ከሩቅ እንዳየ ልቡ ቅቤ ጠጣች። በከተማው ውስጥ ሁለት ትንንሽ ነጭ ፊያቶች አሉ፤ አንዷ የበቀለ ናት። በቀለ የትምባሆ እርሻው ንብረት ኃላፊ ነው፤ ወጣት፣ ጸጉሩን በቅባት የሚያስተኛ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ትርንጎን የሚያስቅ ሰው። ትርንጎ አውራ ጎዳናው ዳር ምግብ ቤት አላት። እሸቴ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ ከመጣ ጀምሮ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ምሳውን የሚበላው እሷ ቤት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ነገ እነግራታለሁ እያለ ጥርሱን ጎርጉሮ ይወጣል። በቀለ ግን በመጣ በወሩ አሳቃት። እሸቴ ያንን ሳቅ በሰማ ቁጥር ቆሽቱ ያርራል፤ በቀለን ጠልቶ አልበቃው ብሎ መኪናውንም ይጠላታል። ስለዚህ ፊያቷን ማሽላ ውስጥ ሲያያት፣ አለቀለት፣ አለ በልቡ፤ ደስም አለው።

አስር አለቃ ከበደ የመኪናዋን በር ከፍቶ መሪው ላይ የተደፋውን ሰው ቀና አደረገው።

«አብዱልሃዲ ነው ጌታዬ» አለ። «ባለ ጋራዡ።»

የእሸቴ ፊት ጋለ። አብዱልሃዲ ከሁለት የተጋጩ መኪኖች አንዲት ፊያት ገጣጥሞ የሠራ፣ የፖሊስ ጣቢያውን ላንድሮቨር በነፃ የሚጠግን፣ በከተማው ማንም ክፉ የማይናገርበት ሰው ነው። የበሩ ቆርቆሮ በጥቃቅን እርሳስ ተበሳስቷል። ከመንገዱ ማዶ አንድ ግራር አለ፤ ከሥሩ ሳሩ ተደፍጥጧል፣ ሳሩ ውስጥ ሁለት ቀይ የካርቶን ቀለሆች ወድቀዋል።

«ተቀምጦ ጠብቆ ነው የተኮሰው» አለ እሸቴ ቀለሆቹን እያነሳ። «ባለ ሁለት አፍ የአደን ጠመንጃ። እንዲህ ያለ መሣሪያ በዚህ አገር ማን ጋ አለ?»

«ሁለት ነው ያለው። አንዱ የባላምባራስ ወርቁ። አንዱ ትምባሆ እርሻው ለከርከሮ ያስቀመጠው።»

«የእርሻው መጋዘን ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

ከበደ የቀወት ገበሬ ልጅ ነው፤ አለቃው ምን ሊሰማ እንደፈለገ ገባው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በቀለ ጋ» አለ።

የእሸቴ ልብ ሁለተኛ ቅቤ ጠጣች። ባላምባራስ ወርቁንማ ከሐሳቡ ያወጣቸው ወዲያው ነበር። ትናንት ፀሐይ ስትጠልቅ የመግሪብ አዛን ሲባል ከጀውሃ አቅጣጫ አንድ ነገር ጓ ብሎ ሲፈነዳ ገበያው ሁሉ ሰምቷል፤ በዚያ ሰዓት ባላምባራስ ትርንጎ በረንዳ ላይ፣ ከእሱ ከራሱ ጋር፣ ሻይ ይጠጡ ነበር። ለእሳቸው ምስክሩ መርማሪው ነው።

ከመኪናዋ ኋላ፣ ከግጭት መከላከያው ሥር፣ ሁለት አፍ ያለው የሚያብረቀርቅ ቧንቧ ወጥቷል። እሸቴ በዓይኑ አየው፤ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ስለነበረ አላየውም ማለት ይሻላል።

*

ከግራሩ አልፎ የመጀመሪያው አጥር የባላምባራስ ወርቁ የብርቱካን እርሻ ነው። ባላምባራስ ስድሳን የተጠጉ፣ ሚስታቸው ከሞተች አምስት ዓመት የሆናቸው፣ ሁለት ጊዜ ለትርንጎ ሽማግሌ ልከው ሁለት ጊዜም በሳቅ የተመለሱ ሰው ናቸው። ይህ ነገር ከእሸቴ ጋር አወዳጅቷቸዋል። ሁለቱ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የበቀለን መኪና ሲያሙ ይውላሉ፤ «ያቺ ሳጥን ደሞ መጣች» ይላሉ አንዱ፣ «የሳሙና ሳጥን» ይላል ሌላው።

ዛሬ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ።

«ምን ያስሮጥዎታል በማለዳ፣ መቶ አለቃ?»

«ከአጥርዎ ወረድ ብሎ ሰው ተገድሏል። በትንሿ ፊያት ውስጥ። ማታ ተኩስ አልሰሙም?»

ባላምባራስ ቢላዋውን አስቀምጠው አማተቡ። «ነፍሱን ይማረው። ወይኔ እናቱ! ተኩስማ በዚህ ወቅት መቼ ይጠፋል። ማሽላ ያለው ሁሉ ለከርከሮ ይተኩስ የለ።»

እሸቴ ልቡ በቀለ ላይ ስለነበረ ቶሎ ወደዚያው ለመድረስ ቸኮለ። «ለመሆኑ በአብዱልሃዲ ላይ ቂም የያዘ ያውቃሉ?»

ሽማግሌው በእጃቸው ያለውን ብርቱካን ጨምቀው ያዙት። የብርቱካኑ ውሃ በእጃቸው አንጓ ላይ ወረደ፤ አልጠረጉትም።

«አባቱ አብዱረሂም እንደ ወንድሜ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «በእኔ ጋቢ ተጠቅልሎ ነው ያደገ፣ ይኸ ልጅ።» ከዚያ በኋላ አለቀሱ፤ የእውነት ልቅሶ ነበር። እሸቴ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ ወጣ።

*

ትርንጎ ቤት ያገኘው አስተናጋጇን ሮማንን ነው። ጠረጴዛ እየወለወለች ነበር።

«እትዬ ትርንጎ የለችም?»

«ተኝታለች። ከትናንት አመሻሽ ጀምሮ ራሷን አሟታል።»

እውነት ነው፤ ማታ በረንዳው ላይ ሻይ ያቀረበችላቸው ሮማን ነበረች። እሸቴ የትርንጎን አለመኖር እንጀራው ላይ ወጥ የጎደለ ያህል ነበር ያወቀው።

«ትናንት ምሳ ላይ እኔ ደብረ ሲና ነበርኩ» አላት። «በቀለ እዚህ ነበር?»

ሮማን መወልወሉን ተወች። ጎንበስ ብላ ወደ ጓዳው አየችና ቀረበችው። «ነበረ። ጋሼ፣ እኔ በሰው ነፍስ አልገባም፤ ግን ሰምቻለሁ። ጓዳ ሆኜ ነው። ጠረጴዛውን መታና 'ዛሬ ማታ ባለ ሁለት አፉን አስጮኸዋለሁ፤ አገሩ ሁሉ ይሰማዋል' አለ።»

«ባለ ሁለት አፉን?»

«ባለ ሁለት አፉን። በማርያም።»

«ከማን ጋር ተቀምጦ?»

«ከባላምባራስ ወርቁ ጋር። ሌላ ሰው አልነበረም፤ እትዬ ብቻ ሳህን ልታነሳ ስትመላለስ ነበረች።»

በዚህ መሐል ትርንጎ የጓዳው በር ላይ ቆመች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ጠምጥማለች፤ ዓይኗ አብጧል። እሸቴን አየችው፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ተመልሳ ገባች። ለማን ነው ያለቀሰችው? አለ በሆዱ፤ የጠየቀውን ጥያቄ ግን መልሱን ሳይፈልግ እንደ ፍም ጣለው።

ከሰዓት በኋላ አብዱልሃዲ ሲቀበር እሸቴ ባላምባራስን ከሰው መሐል ጎትቶ አወጣቸው።

«በቀለ ትናንት ምሳ ላይ ባለ ሁለት አፉን አስጮኸዋለሁ ብሏል?»

ባላምባራስ መሬት መሬት አዩ። «ብሏል።»

«ባለ ሁለት አፉን?»

«ብሏል አልኩዎት እኮ፣ መቶ አለቃ።» ሌላ ቃል አልጨመሩም። እሸቴም ሌላ ቃል አልፈለገም፤ የፈለገውን አግኝቷል። በዚያው አመሻሽ በቀለ ታሰረ።

*

«ከትናንት ወዲያ 'ባለ ሁለት አፉን አስጮኸዋለሁ' ብለሃል ወይስ አላልክም?»

«ብያለሁ» አለ በቀለ። ጸጉሩ እስር ቤት አድሮ እንኳ አልተነሳም፤ ይህም እሸቴን አናደደው።

«ጠመንጃው የት ነው?»

«የምን ጠመንጃ?»

«ባለ ሁለት አፉ!»

በቀለ አፉን ከፍቶ አየው። ከዚያ ሳቀ። ትርንጎን የሚያስቀው ጥርስ ይኼው ነው፣ ነጭና ድርድር ያለ፤ እሸቴ በቡጢ ሊለው ምንም አልቀረው።

«ማርሚታ እኮ ነው፣ መቶ አለቃ! የመኪና ማርሚታ። አብዱልሃዲ ከአዲስ አበባ ያስመጣው፣ ሁለት አፍ ያለው የጭስ ማውጫ። ማታ አስገጥሜ አስጮኸዋለሁ ብዬ ነው የፎከርኩት። ባላምባራስን ይጠይቋቸው፤ ስለ ማርሚታ ስለፈልፍባቸው ነው የዋልኩት።»

እሸቴ እድሜ ልኩን መኪና ነድቶ አያውቅም። ከማሽላው ውስጥ ያብረቀረቀው ቧንቧ ትዝ አለው። ሽንፈቱን ለመሸፈን ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ታዲያ ገዛኸው?»

«ተውኩት።»

«ለምን?»

«ሐሳቤን ቀየርኩ።»

«ከአዛን በኋላስ የት ነበርክ?»

በቀለ ሳቁን ዋጠ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የቀለም ብልቃጥ ገፋ አድርጎ «አልናገርም» አለ።

«ሰው ሞቷል! ይሰቅሉሃል እኮ።»

«ይስቀሉኝ። የምናገረው የእኔ ብቻ ነገር አይደለም።»

አስር አለቃ ከበደ ከእርሻው መጋዘን የመጣውን ጠመንጃ አምጥቶ ጥግ አስደገፈው። በሁለቱም አፉ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል።

«ይኸ ጠመንጃ ከክረምት ወዲህ አልተተኮሰም ጌታዬ።»

«ሸረሪት በአንድ ሌሊት ያደራል» አለ እሸቴ። ከበደ የጠመንጃውን አፍ ወደ ብርሃን አዞረው። ሁለቱም ድሩ ውስጥ የተጠመዱትን የደረቁ ዝንቦች ያያሉ፤ እነሱ የአንድ ሌሊት አልነበሩም።

*

የአብዱልሃዲ ጋራዥና መኖሪያ ቤቱ በጀውሃ መውጫ ላይ አንድ ግቢ ነው። ለቅሶ ሊደርስ ለተዕዚያ የተቀመጠው ሰው ከዳሱ ተርፎ በጎማዎቹና በተፈቱ ሞተሮች መሐል ተቀምጧል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም እኩል። መለዋወጫ ሱቁን የምትጠብቀው እህቱ ሳፊያ ነበረች። እሸቴ ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለላት።

«ነፍስ ይማር፣ ሳፊያ።»

ሳፊያ ቀና ብላ አየችውና አንገቷን ነቀነቀች። ከበደ ክንዱን ጎሸም አደረገው።

«እዚህ አገር ለእስላም 'አላህ ይርሀመው' ነው የሚባል» አለው በጆሮው። «ነፍስ ይማር የኛው ነው። ሕፃን እንኳ አይስተውም። አንቱ የሸገር ሰው ስለሆኑ ነው፤ ይቅር ይሉዎታል።»

እሸቴ አፈረ። በዚያው ቅጽበት ባላምባራስ ወርቁ ከውጭ ገቡ፤ ሁለቱን እጃቸውን ዘርግተው፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ «አላህ ይርሀመው፣ አላህ ጀነት ያግባው» እያሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ዞሩ። ሰዉ «አሚን» አለ። አንድ ነገር የመቶ አለቃውን ጆሮ እንደ ትንኝ ነካ አድርጎት አለፈ፤ ምን እንደሆነ ሳይዘው ሳፊያ ጠራችው።

«የማርሚታውን ነገር ሊጠይቁኝ ነው አይደል የመጡ?» አለች። «ኑ፣ ላሳይዎት።»

ሱቁ ግድግዳ ላይ ሁለት ሚስማሮች ባዶአቸውን ቀርተዋል።

«ሁለት ነበር የተሰቀለ» አለች ሳፊያ። «አንደኛው ባለ ሁለት አፉ። ሞተሩን ያስተነፍሰዋል፤ ያቺን ትንሽ መኪና የጣርማ በርን ዳገት ሳትለምን ያስወጣታል። ግን ይጮኻል። ነዳጁን ሲለቁት ደግሞ ጓ ብሎ ይተፋል፣ ጥይት ነው የሚመስል። ሁለተኛው ባለ አንድ አፉ። ሆዱ በብርጭቆ ጥጥ የተሞላ ነው። ጉልበቱ ያንን አያህልም፤ ድምፁን ግን ይውጠዋል፤ መኪናዋ ከአጠገብዎ ብታልፍ ዞር አይሉም። በቀለ ሳምንት ሙሉ እየተመላለሰ ሁለቱን አስወርዶ ሲያገላብጥ ከረመ። ወንድሜ 'አንድ ቀን ይኸን ማርሚታ ታገባዋለህ' ይለው ነበር።» ፈገግታ ሞከራትና ጠፋ።

«መጨረሻ የቱን መረጠ?»

«ያን ዕለት ጠዋት ባለ ሁለት አፉን ነው ብሎ ቆረጠ። ከምሳ በኋላ ግን ተመልሶ መጣና ድምፅ የሌለውን ግጠምልኝ አለ። አብዱልሃዲ ሳቀበት፤ 'ድምፅ የጠላ ሰው ወይ ሌባ ሆኗል ወይ ሴት ይዛዋለች' አለው። በቀለ እስከ ጆሮው ቀላ። 'አንዲት ሰው አገሩ ሁሉ አይስማ አለችኝ' አለ። ወንድሜም ባለ ሁለት አፉ ገዢ አጣ ብሎ ለራሱ ፊያት ገጠመው። ልቡ ድሮም እሱ ላይ ነበረ።»

አንዲት ሰው። እሸቴ ያቺ አንዲት ሰው ማን እንደሆነች አወቀ፤ አወቀና ማወቁን ጠላ።

«ሲያስነሳት አንዴ ተፋችና ገበያው ደነገጠ» አለች ሳፊያ። «ወዲያው አዛን አለ። አጥፍቷት ገባ፤ እዚችው ሰገደ። ከሰገደ በኋላ ነው ልሞክራት ብሎ ወደ ጀውሃ የወጣው።»

«ሰግዶ ነው የወጣ? እርግጠኛ ነሽ?»

«መግሪብ ሳይሰግድ ወጥቶ ያውቃል? ከኋላው ቆሜ የሰገድኩት እኔ ነኝ።»

አዛን ሲባል የተሰማው ፍንዳታ ተኩስ አልነበረም፤ ማርሚታው ነው። እውነተኛው ተኩስ ከሶላት በኋላ ነው፤ ማታ ማታ ከርከሮ ሲባረር ከሚተኮሰው ጋር ተቀላቅሎ ጆሮ የሰጠው አልነበረም። እሸቴ በእጁ ይዟቸው የዋላቸው ሰዓቶች በሙሉ ተበተኑበት።

*

ምግብ ቤቱ ከምሳ በኋላ ጭር ብሏል። ትርንጎ ብቻዋን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች፤ የሚመጣ መሆኑን ያወቀች ትመስላለች።

«እትዬ ትርንጎ፣ ከትናንት ወዲያ ማታ...» ብሎ ጀመረ።

«በቀለ እኔ ጋ ነበር» አለች። «ከአዛን በፊት ጀምሮ ሌሊቱ እስኪገፋ ድረስ። በጓሮ በኩል ነው የገባ። እርስዎና ባላምባራስ በረንዳው ላይ ሻይ ስትጠጡ እኛ ከግድግዳው ወዲህ ነበርን።»

እሸቴ ወንበር ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። ያን ማታ ያወሩት ሁሉ ትዝ አለው፤ ያቺ የሳሙና ሳጥን ዛሬስ አልመጣችም ተባብለው ተሳስቀው ነበር። መኪናዋ ከኋላቸው ነበረች። ቅናቱ ዓይኑን አቃጠለው።

«ለምን አስቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ልነግርዎት በር ላይ ቆሜ አየሁዎት። ፊትዎ ደስ ብሎት ነበር። ፈራሁዎት።»

እሸቴ ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ደግሞስ መቼ ጠየቁኝ?» አለች ትርንጎ፤ ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ይህ ባሰበት። «ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ሲበሉ ከሚጥሚጣ ሌላ ምን ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»

«ብጠይቅሽስ ኖሮ?»

«እሱን አሁን ማን ያውቃል፣ ጋሼ እሸቴ» አለች በቀስታ።

ለበቀለ ያለው ይህ ቃል ብቻ ነው፤ ሌላ ያየ ዓይን፣ የሰማ ጆሮ የለም። እሸቴ ደግሞ ሥራውን ያውቃል። የወዳጅ ምስክርነት ብሎ ከመዝገቡ ቢተወው የሚጠይቀው የለም፤ በቀለ ወደ ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ይወጣል፣ ከዚያ የሚመለስበት መንገድ ጠባብ ነው። ትርንጎ እዚህ ትቀራለች። ምሳ ይኖራል፣ በረንዳ ይኖራል፣ ነገ የሚባል ቀን ይኖራል። ይህን ሁሉ አሰበው፤ አላሰበውም ብዬ አልዋሽላችሁም።

ከዚያ ከኪሱ ወረቀት አወጣ።

«ቃልሽን እጽፈዋለሁ። አገሩ ሁሉ ይሰማል።»

«ይስማ» አለች ትርንጎ፤ ፈረመችም።

በረንዳው ላይ ሲወጣ ሁለቱ ወንበሮች ጎን ለጎን እንደተቀመጡ ናቸው፤ የእሱና የባላምባራስ። አብዱልሃዲን የሚጠላ የለም። ታዲያ በዚያ ጨለማ፣ ፊት በማይለይበት፣ ባለ ሁለት አፉ ማርሚታ እየጮኸ የመጣ ሰው ማን ነው ተብሎ ተተኮሰበት? ምሳ ላይ የበቀለን ፉከራ ሰምቶ የሄደ፣ በኋላ ሐሳቡን መቀየሩን ያልሰማ ሰው፣ የመጣው በቀለ ነው ብሎ ያምናል። እንግዲህ በቀለን ይሙት ብሎ የሚመኝ ማን ነው? ከእኔ ሌላ ማን አለ? አለ እሸቴ። ዓይኑ ባዶው ወንበር ላይ አረፈ። ያን ማታ ፍንዳታው ሲሰማ ባላምባራስ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ብድግ ብለው ወደ እርሻቸው ሄደው ነበር።

ጆሮውን ነክቶት ያለፈው ትንኝ ያኔ ተመለሰ።

*

ባላምባራስ እዚያው ብርቱካን ሥር ነበሩ፤ ዛሬ ግን ቢላዋም ብርቱካንም አልያዙም። እሸቴ ከፊታቸው ቆመ። ከበደን አጥሩ ጋ አቁሞታል።

«ባላምባራስ፣ ትናንት ማለዳ በትንሿ ፊያት ሰው ተገደለ ስልዎት፣ ማን ነው ብለው አልጠየቁኝም።»

«ደንግጬ ይሆናል።»

«'ነፍሱን ይማረው' አሉ። አማተቡም። ዛሬ ለቅሶ ቤት 'አላህ ይርሀመው' ሲሉ ሰማሁዎት። አንቱ የዚሁ አገር፣ የይፋት ሰው ነዎት፤ አይሳሳቱም። ደግሞ 'ወይኔ እናቱ' አሉ። የአብዱልሃዲን እናት የቀበሩት እርስዎ እንደነበሩ ከበደ ነገረኝ። ደብረ ሲና እናት ያለችው በቀለ ነው።»

ሽማግሌው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«ጠመንጃው የውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ነው» አሉ። «ፊቱን አላየሁትም፣ መቶ አለቃ። ድምፁን ሰምቼ ነው የተኮስኩት። ያ ጎረምሳ ምሳ ላይ ስለዚያ ቧንቧ ሲፎክርብኝ ዋለ። እሷ ሳህን ታነሳለች፣ እሱ ያወራል፣ እሷ ትስቃለች። እኔ ሽማግሌ በላክሁ ጊዜም ሳቀች፤ ያኔ ሳቅ ሁሉ አንድ መስሎኝ ነበር። ያን ቀን ግን ለሱ ስትስቅ ሳያት ሌላ ሳቅ ሆነብኝ። ከዚያ ማታ እንደ ልማዱ በአጥሬ ሥር እየጮኸ ሊያልፍ ነው ብዬ ሳስብ...» ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «የአብዱረሂምን ልጅ! በገዛ እጄ! ሲመጣ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር፣ መጣልኝ ብዬ።»

እሸቴ የእጅ ብረቱን ከወገቡ ፈታ።

ባላምባራስ ቀና ብለው አዩት። «አንቱስ? ከእኔ ጋር አብረው ሲያሙ አልነበር? ቢሞት ይከፋዎት ነበር?»

ከበደ ሩቅ ነው፣ አይሰማም። እሸቴ ውሸት መናገር ይችል ነበር።

«መኪናዋን ማሽላ ውስጥ ሳያት፣ እሱ መስሎኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን እጆች አሰረ።

*

በማግስቱ ጠዋት በቀለ ተፈታ። እሸቴ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረለት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ መቶ አለቃ» አለ በቀለ። ዛሬ ጸጉሩ ተበታትኗል፤ እንዲያ ሲሆን ልጅ ይመስላል። «ቃሏን እንደማይጽፉት እርግጠኛ ነበርኩ።»

«እኔም» አለ እሸቴ። ቀጥሎም፣ ለምን እንዳለው ሳያውቅ፣ «ማርሚታህን ጥሩ መርጠሃል» አለው።

በቀለ ከወጣ በኋላ መቶ አለቃው መስኮቱን ከፍቶ ጆሮውን ቀሰረ። የጭነት መኪና ወደ ደሴ አለፈ፤ ግመሎች አለፉ፤ ከትምባሆ እርሻው ትራክተር ሲጮኽ ተሰማ። ትንሿን ፊያት ጠበቀ። ከጓሮ ስትወጣ፣ ምግብ ቤቱ በር ላይ ስትቆም፣ በር ተከፍቶ ሲዘጋ፣ ወደ ደብረ ሲና ዳገቱን ስትይዝ እሰማለሁ ብሎ ብዙ ቆመ። ምንም አልሰማም። ይመጡ ይሆናል፣ ወይም ገና አልሄዱም፣ አለ ለራሱ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ የለመደው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሮማን ትሪውን አቀረበች፤ ሳይጠይቃትም ሚጥሚጣውን በትንሽ ሳህን አድርጋ አጠገቡ አኖረች።

«እትዬ ትርንጎስ?»

«ጠዋት ከበቀለ ጋር ሄደች ጋሼ። ደብረ ሲና፣ እናቱ ዘንድ። አልሰሙም እንዴ?» ሮማን እጇን በሽርጧ አበሰች። «ሌላ የሚፈልጉት አለ?»

እሸቴ የጓዳውን በር አየ።

«የለም» አለና እንጀራውን ቆረሰ።